ወልቂጤና ቡታጅራ፤ የሁለት ከተሞች የፉክክር ታሪክ

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በር የሚወጣ መንገደኛ ጥቂት እንደ ተጓዘ ዓለም ገና ይደርሳል። በዚያም መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙን የያዘ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፎ ወልቂጤ ይገባል። ግራውን የያዘ ደግሞ የአዋሽን ወንዝ በመልካ ቁንጡሬ ተሻግሮ፥ የጢያን ትክል ድንጋዮች አይቶ፥ በቡኢና በኬላ በኩል ቡታጅራ ይደርሳል። አንደኛው ከተማ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ሁለተኛው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ ከእነዚህም ዘቢዳር የተባለው ወደ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። መለያያቸው አንድ፥ መድረሻቸው ግን ሁለት የሆኑት እነዚህ መንገዶች ልጽፍ የተነሣሁበትን ታሪክ በአጭሩ ይናገራሉ።

ጉዳዩን ለመመርመር ያነሣሣኝ አንድ ነገር ነው። የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዝግጅት ሲጀመር በክርክር ክበባችን «ከወልቂጤና ከቡታጅራ በአካባቢው ላይ ይበልጥ ተሰሚነት ያለው የትኛው ነው?» የሚል ርእስ ቀርቦ ነበር። እኔም የመስቃን ልጅ ስለ ሆንሁ ለቡታጅራ ቆሜ ስለ ገበያዋ ስፋት፥ ስለ ነጋዴዎቿም ትጋት ብዙ ተናገርሁ። ከተቃራኒው ወገን አንዲት የክፍሌ ልጅ ተነሣችና፥ «ከተማችሁ ይህን ያህል ታላቅ ከሆነች አባትህ ለአንድ ማኅተም ብሎ ስንት ጊዜ ወልቂጤ ተመላለሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። የእርሷ ወላጆች የእዣ ተወላጆች ናቸው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም መልስ አጣሁ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌዎችን መጠየቅና ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ማገላበጥ ያዝሁ። ውጤቱን እነሆ ለክቡራን አንባቢያን አቀርባለሁ።

መንገድ የወለዳቸው ከተሞች

የጥንቱ የጉራጌ አገር የታላላቅ ከተሞች አገር አልነበረም። ሕዝቡ እንሰቱን ተክሎ፥ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ግራና ቀኝ ጎጆውን ቀልሶ በመንደር ይኖር ነበር። ሕጉንም የሚያወጣው ከተማ ውስጥ አልነበረም፤ የሰባት ቤት ሽማግሌዎች በየጆካ ቅጫ፥ የክስታኔ በጎርደና ሴራ፥ የመስቃንም በፈረዘገኘ ሴራ ተሰብስበው ነገር ይጨርሱ ነበር። ስለዚህ በጥንት ጊዜ ፉክክር የነበረው በቤተ ዘመድና በቤተ ጉራጌ መካከል ነው እንጂ በከተማና በከተማ መካከል አልነበረም። በዛሬው የወልቂጤ አካባቢም የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የዳግማዊ ምኒልክን ጦር ለብዙ ጊዜ የተቋቋመው ሕዝቡን ይዞ እንጂ ከተማ ይዞ አልነበረም።

ከተሞቹን የወለዳቸው መንገድ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠራ። ይህን ያደረገው ለጦሩና ለንግዱ ጥቅም ነበር፤ ለጉራጌ አስቦ አልነበረም። ነገር ግን መንገዱ በወልቂጤ ስላለፈ የጅማና የከፋ ቡና የጫነ ካሚዮን ሁሉ በዚያ ማለፍ፥ ሾፌሩም ከጊቤ በረሃ በፊት ወይም በኋላ በዚያ ማረፍ ግድ ሆነበት። ሾፌር ባረፈበት ሻይ ቤት ይከፈታል፤ ሻይ ቤት በተከፈተበትም ሱቅ ይከተላል። ከነፃነት በኋላ ከአምባ ከሸለቆው ቆጮውንና ቅቤውን ይዞ የሚወርደው ባላገርም ገበያውን ወደ ዚያው አዞረ።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላውም የአገራችን ክፍል ታይቷል። የምድር ባቡሩ በመጀመሪያ ወደ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ በሜዳው አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ተመረቀች። ለብዙ መቶ ዓመታት የንግድ እናት የነበረችው ሐረር የንግዱን በትር ትናንት ለተወለደችው ከተማ አስረከበች። በምዕራብ ጉራጌም የቀደመችው እምድብር ነበረች። የካቶሊክ ሚሲዮን በዚያ ትምህርት ቤት ከፍቶ ብዙ ልጆችን አስተምሯል፤ «የሽነጋ መንደር» የተባለውን መጽሐፍ በቸሃ ቋንቋ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመለት ደራሲ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም ከዚያው አካባቢ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ጎዳና በወልቂጤ ስላለፈ እምድብር በትምህርት ብትቀድምም በንግድ ወደ ኋላ ቀረች።

የቡታጅራ መንገድ ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይህን መንገድ በዋናነት የሠራው የሕዝቡ ገንዘብ ነው። በ1954 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከዓለም ገና ቡታጅራን አልፎ እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርስ መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥት ቢረዳም መነሻው የነጋዴው፥ የሸማኔው፥ የኩሊውና የሊስትሮው መዋጮ ነበር። አያቴ በዚያ ዘመን በመርካቶ ጫማ ይጠርጉ ነበር። ስለ መንገዱ ስጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ለወልቂጤ ጣሊያን ሠራላት፤ ለቡታጅራ ግን እኛው ሠራንላት» ብለው ደረታቸውን ነፉ። እኔም ይህን ቃል ለሚቀጥለው ክርክር መልስ ይሆነኛል ብዬ በደብተሬ ጻፍሁት።

ነገር ግን ምርመራዬን ስቀጥል ኩራቴ ጥቂት ቀዘቀዘ። የማኅበሩ አባሎች የመስቃንና የክስታኔ ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ከተራራው ማዶ የመጡት የሰባት ቤት ልጆችም ገንዘባቸውን አዋጥተዋል። ማኅበሩም ከጊዜ በኋላ ስሙን ለውጦ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ተብሎ በምዕራቡም ወገን መንገድ አሠርቷል። በቡታጅራ መንገድ ላይ የሰባት ቤት ላብ፥ በሰባት ቤት መንገድ ላይም የመስቃን ላብ አለበት ማለት ነው። ይህን ለአያቴ ብነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «እውነት ነው፤ ከእኔ ጋር ሳጥን ዘርግቶ የሚሠራው የቸሃ ልጅ ነበር፤ አብረን ነው የከፈልነው» አሉኝ።

መሥሪያ ቤትና ማኅተም

ከመንገድ ቀጥሎ ከተማን ከፍ የሚያደርገው የመንግሥት መቀመጫ መሆን ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሁለቱም ከተሞች በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ቢሆኑም በአንድ አውራጃ ውስጥ አልነበሩም። ምዕራቡ ወገን መቀመጫው ወሊሶ በሆነው በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፥ ምሥራቁ ደግሞ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ይተዳደር ነበር። ስለዚህ አንዱ ከተማ ሌላውን የሚያዝበት ምክንያት አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የአገሪቱ አከፋፈል ሲለወጥ ሁለቱ ወገኖች በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ሆኑ፤ የዞኑም መቀመጫ ወልቂጤ ሆነች። ወልቂጤ በጉራጌ አገር ሰሜን ምዕራብ ዳር ያለች እንደ መሆኗ፥ ይህ ውሳኔ ለሰባት ቤት ሰው መልካም ሲሆን ለመስቃንና ለሶዶ ሰው ግን ፈተና ነበር። የተራራው መንገድ ሲበላሽ ወይም መኪና ሲታጣ ከቡታጅራ ወልቂጤ የሚሄድ ሰው እስከ ዓለም ገና ወጥቶ እንደ ገና መውረድ ነበረበት፤ ይህም ወደ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባቴ ለአንድ ፊርማ ሦስት ጊዜ የተመላለሰው በዚህ ምክንያት ነው። የክፍሌ ልጅ ያሾፈችብኝ ነገር እንግዲህ እውነት ነበር፤ ነገር ግን የከተማ ታላቅነት ምልክት ሳይሆን የባላገሩ ድካም ምልክት ነው።

በዚህ መካከል ሌሎች ለውጦችም መጡ። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ በሰጠው ድምፅ የራሱን ዞን አቋቁሞ ወራቤን መቀመጫው አደረገ። ከቡታጅራ በስተ ደቡብ በዚያው መንገድ ላይ ያለችው ወራቤ በአጭር ጊዜ አድጋ ሦስተኛ ተፎካካሪ ሆነች። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ጉራጌ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ጥያቄው ግን እንደ ተጠየቀው አልተፈጸመም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡቡ ክልል ሲከፋፈል የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ዋና መቀመጫውም ሆሳዕና ሆነች። በዚያው ጊዜ የጉራጌ ዞን ለሁለት ተከፍሎ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሲቋቋም ቡታጅራ መቀመጫው ሆነች።

ይህ ሲሰማ በቡታጅራ ብዙ ሰው ተደሰተ፤ ከተራራው ማዶ ግን «አንዱ ቤት ለሁለት ተከፈለ» ብሎ ያዘነ አልጠፋም። እኔ ተማሪ ስለ ሆንሁ ይህን ልፍረድ አልልም። ነገር ግን ታሪክ አንድ ነገር ያሳየናል። በአውስትራልያ ሲድኒና ሜልቦርን የተባሉት ሁለት ታላላቅ ከተሞች ዋና ከተማ ለመሆን እርስ በርሳቸው ስለ ተፎካከሩ፥ እ.ኤ.አ. በ1908 የተመረጠው ሥፍራ ሁለቱንም ትቶ በመካከላቸው ያለው የካንቤራ ሜዳ ነበር። ሁለት ሲሟገቱ ሦስተኛው መቀመጫውን መውሰዱ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛ ታሪክ ከዚያኛው ጋር በሁሉ አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ ሆኖም ማሰብ ለሚወድ ሰው ትምህርት አለበት።

ገበያ፥ ትምህርትና ዝና

አሁን ሁለቱ ከተሞች በምን እንደሚወዳደሩ በዝርዝር እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቡታጅራ ከ33 ሺህ በላይ፥ ወልቂጤ ደግሞ ከ28 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሯቸው። ልዩነቱ ብዙ አይደለም። የንግዳቸው ዓይነት ግን የተለያየ ነው።

ቡታጅራ የመገናኛ ከተማ ናት። ከሰሜን የአዲስ አበባ፥ ከደቡብ የሆሳዕናና የወላይታ፥ ከምሥራቅ የዝዋይ፥ ከምዕራብ የተራራው መንገድ ይገናኙባታል። ስለዚህ የደጋው ቆጮ፥ ገብስና ድንች ከቆላው በርበሬና በቆሎ ጋር በዚያ ይገበያያል። የመስቃንና የማረቆ በርበሬ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው፤ ዛላው በጆንያ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ ገና ከሩቅ በሽታው ይለያል። ወልቂጤ ግን የመተላለፊያ ከተማ ናት። ኑሮዋ ከጅማ በሚመጣውና ወደ ጅማ በሚሄደው መንገደኛ፥ እንዲሁም ከሰባት ቤት በሚወርደው ምርት ላይ የቆመ ነው። የመገናኛ ከተማ የሚጠቀመው ሁሉም ወገን ሲመጣለት ነው፤ የመተላለፊያ ከተማ የሚጠቀመው ደግሞ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ሁለቱም ጎረቤታቸው ቢጎዳ ራሳቸው ይጎዳሉ።

በጤናና በትምህርት ረገድም እያንዳንዱ የየራሱ ክብር አለው። በወልቂጤ አጠገብ በአጣጥ የሚገኘው የካቶሊክ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ ለብዙ የገጠር እናቶች መድኅን ሆኗል። በቡታጅራ ደግሞ በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን የገጠር ጤና ምርምር ጀመረ። በአሥር ቀበሌዎች ውስጥ የተወለደውን፥ የሞተውን፥ የመጣውንና የሄደውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ መመዝገብ ያዙ፤ በዚህም የተነሣ የቡታጅራ ስም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ታውቋል። ይህን ሳውቅ ተገረምሁ፤ በመዝገቡ ከተቆጠሩት መንደሮች አንዱ የአክስቴ መንደር ነውና። ወልቂጤም በበኩሏ በ2004 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተላት፤ ግቢውም ጥቂት ራቅ ብሎ በጉብሬ ይገኛል። ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የሚመጡ ተማሪዎች ስሟን ወደ አገራቸው ይዘው ይሄዳሉ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የወልቂጤ ከተማ የእግር ኳስ ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያልፍ፥ በክርክሩ ያሸነፈችኝ ልጅ በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ብትሆንም፥ ዛሬ ድረስ እንደ ራሷ ድል ትተርከዋለች። የቡታጅራው መንገድ በበኩሉ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉት፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ባህልን በተመለከተ ግን ፉክክሩ ራሱ ይጠፋል። መስከረም ሲጠባ በአዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ለመስቀል ወደ አገሩ ይጎርፋል፤ እስላሙም ለአረፋ እንዲሁ ያደርጋል። በእነዚያ ቀናት ወልቂጤም ቡታጅራም ይሞላሉ፤ ሰንጋው ይታረዳል፤ ክትፎው በጣባ ይቀርባል። ከዓለም ገና በቀኝ የሄደውም በግራ የሄደውም የሚበላው አንድ ነው።

የፉክክር ዋጋ

እስካሁን የጻፍሁት ስለ መልካሙ ፉክክር ነው። ክፉውን ሳልጽፍ ባልፍ ግን የታሪክ ተማሪ አልባልም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በጉራጌና በቀቤና ወገኖች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በእኛው ወገን በመስቃንና በማረቆ መካከል በተነሣው ግጭት ብዙዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ለዘመናት በአንድ ገበያ በርበሬና ቆጮ ሲለዋወጡ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ጊዜ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ብሆንም፥ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የነበረበትን ቀን አስታውሳለሁ። ደንበኞቹ ከሁለቱም ወገን ነበሩ። ለማን ማዘን እንዳለበት ጠፍቶት ነበር።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ የወልቂጤ ሰዎች ውኃ አጣን ብለው ጀሪካናቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ በዚያም ቀን ሰዎች በጥይት ሞቱ። ይህን ሳነብ ለቡታጅራ የተናገርሁት ንግግር ሁሉ ቀለለብኝ። በወቅቱ ወልቂጤ የዞን መቀመጫ ነበረች፤ ቢሮዎችና ባንኮች፥ በአጠገቧም ዩኒቨርሲቲ ነበሯት። ነገር ግን የመቀመጫነት ማዕረግ ለእናቶች ጀሪካን ውኃ አልሆነላቸውም። ዛሬ እኛም መቀመጫ ሆነናል ብለን ስንደሰት ይህን መርሳት የለብንም። ማኅተም ቀረበልን ማለት ውኃ፥ ሥራና ሰላም ቀረቡልን ማለት አይደለም፤ እነዚህ ገና ልንሠራቸው የሚገቡ ናቸው።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ሁለቱ ከተሞች እርስ በርሳቸው ሲፎካከሩ፥ ከሁለቱም የበለጠ የሚስበው አዲስ አበባ ነው። ከመስቃንም ከሰባት ቤትም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ወጣት ዓይኑ ወደ ዓለም ገና ነው። አያቴ በዘመናቸው የሄዱት ባዶ እጃቸውን ነበር፤ ያገኙትን ግን ወደ አገራቸው መልሰው መንገድ ሠሩበት። የእኛ ትውልድ ሄዶ የሚመለስበትን ወይም ጭራሽ ሳይሄድ የሚሠራበትን ነገር ካልፈጠረ፥ ወልቂጤም ቡታጅራም የመነሻ መናኸሪያ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ይህ ነው። ከተማን ታላቅ የሚያደርጉት መንገድ፥ መቀመጫ፥ ገበያና ትምህርት ናቸው። መንገድን ወራሪም ሊሠራው ይችላል፤ መቀመጫነትን በአንድ ስብሰባ ሊሰጡት፥ በሌላ ስብሰባ ሊወስዱት ይችላሉ። ገበያና ትምህርት ግን ሰው ተማምኖ በየቀኑ ካልመጣላቸው አይቆሙም። ስለዚህ የከተሞች ትክክለኛ ፉክክር «ማን ማንን ያዝዛል?» የሚለው አይደለም፤ «ባላገሩ ወዴት ቢሄድ ቶሎ ጉዳዩ ተፈጽሞለት፥ ልጁ ተምሮለት፥ በሽተኛው ድኖለት፥ ሳይፈራ ሸጦና ገዝቶ ይመለሳል?» የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ሁለቱም ከተሞች ገና ብዙ ፈተና ይቀራቸዋል።

ያ ክርክር እንደ ገና ቢደረግ ለየትኛው እንደምቆም መምህራችን ጠይቀውኝ ነበር። «አሁንም ለቡታጅራ እቆማለሁ፤ አገሬ ናትና» አልኋቸው። ነገር ግን የአያቴን ቃል ስጠቅስ ከአጠገባቸው ሳጥን ዘርግቶ የነበረውን የቸሃ ልጅ አልዘልለውም። ለክፍሌ ልጅም የነገርኋት ይህንኑ ነው። እርሷም አያቷን እንድትጠይቅ ቃል ገብታለች። ምናልባት እርሳቸውም ለቡታጅራ መንገድ የከፈሉበትን ጊዜ ያስታውሱ ይሆናል።

ትምህርት ቤታችን ከተራራው ወዲህም ከተራራው ወዲያም የመጡ ልጆችን በአንድ ወንበር አስቀምጦ እንደሚያስተምር ሁሉ፥ ሁለቱ ከተሞቻችንም በሥራ እየተሽቀዳደሙ፥ በችግር እየተረዳዱ ለረጅም ዘመን ይኑሩልን።